ሞተሯ የቆመችበት ደጃፍ

ንፋስ መውጫ ክሊኒክ በድሬሰርነት፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ሆኜ፣ ስመደብ እኔ አገሩን አላውቀውም፤ አገሩም እኔን አያውቀኝም። የተወለድሁት ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስላለፉ «መቼ ትመጣለህ?» የሚለኝ ቤት አልነበረም። ጎንደር ከተማ ሥልጠናዬን ጨርሼ ምደባ ሲወጣ ጓደኞቼ «ጋይንት? በል እንግዲህ፣ ንፋሱ እንዳይወስድህ» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ያን ያህል አልከፋኝም። ቀድሞም ማንም ከማይጠብቀኝ ቦታ ማንም ወደማይጠብቀኝ ቦታ ነበር የምሄደው።

በክሊኒኩ ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበሩ አልጋዎችና ከባዶ የመድኃኒት ሣጥኖች ጀርባ፣ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ቆማ አገኘሁ። ከኔ በፊት የነበረው ድሬሰር ይነዳት ነበር። እሱ ከተዛወረ ወዲህ የነካት የለም፤ ከነቤንዚኗ ሁለት ክረምት አልፎባታል። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ነገር የማያበዙ ጎልማሳ ሰው፣ ዐይኔ እሷ ላይ እንደቀረ አይተው፣

«ካስነሣሃት ንዳት። አለዚያ እንደኛ በበቅሎ ትሄዳለህ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ በቅሎ እፈራለሁ። ሞተር ግን ትንሽ አውቅ ነበር። ጎንደር ስማር የተከራየኋት ክፍል ከአንድ ጋራዥ ጋር በአንድ ግድግዳ ትጋጠም ነበር፤ ጋራዡን የያዙት ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ቆሜ ሳያቸው አያባርሩኝም። እያወሩ ነበር የሚሠሩት። «ይቺ ካርቡራቶር የምንላት የሞተር ጉሮሮ ናት» ይሉ ነበር። «ቤንዚንና አየር እዚህ ይቀላቀላሉ። ቤንዚን ብዙ ከቆመ ሙጫ ይሆናል፤ ሙጫው ጉሮሮዋን ያንቃታል።» ማን ይጠቅመኛል ብሎ ይህን ይሰማል? እኔም ለጊዜ ማሳለፊያ ነበር የሰማሁት።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠና፣ አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ፣ እሳት የምትረጨውን ካንዴላዋን ፍቄ፣ ካርቡራቶሩን ላይ ላዩን ጠርጌ ብዙ ከረገጥኋት በኋላ ተነሣች። ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየ። ከዚያ ወዲያ ወደ ገጠር ለክትባት ስወጣ በእሷ ሆነ። የመኪና መንገድ የሚባለው በበጋ የሚደርቅ ፈለግ ነበርና ግማሹን እሷ እኔን ትሸከማለች፤ ግማሹን እኔ እሷን እገፋለሁ።

በኅዳር ወር አርብ ገበያ ወርጄ፣ ለገበያተኛው የፈንጣጣ ክትባት ስሰጥ ውዬ፣ ቅዳሜንና እሑድንም እዚያው የታመመ ሳክም ቆየሁ። ሰኞ ስመለስ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው ጥቂት ፋሻና የቁስል ቅባት ብቻ ነበር። ፔኒሲሊኑ አልቋል። መንገዱን አጋምሼ ዳገቱን ስጀምር ሞተሯ ሳል ያዛት። አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ትሰጥማለች። በመጨረሻ ከአንድ ግቢ በር ፊት ለፊት ቀጥ አለች። ብረግጣት፣ ብገፋት፣ ወደ ቁልቁለቱ መልሼ ብለቃት እንቢ አለች።

የግቢው ባለቤት ከዋርካው ጥላ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ መሪጌታ ናቸው። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር የድጓ ዜማ ተምረው ወደ ትውልድ አጥቢያቸው ተመልሰው የሚያስተምሩ ሊቅ መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ስለፋ ሲመለከቱኝ ቆይተው፣

«ልጄ፣ ያቺ እንስሳ ደክሟታል። አንተም ደክሞሃል። ግቡ» አሉኝ።

ገባሁ። የተቀመጡበትን አጎዛ አንሥተው ለእኔ ሰጡኝና ራሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አይሆንም ብል «ብረትህን ዘርግተህ ትሠራበት የለም ወይ? ሣር ላይ ከወደቀ አታገኘው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ካርቡራቶሩን ነቅዬ አጎዛው ላይ ፈታታሁት።

ያየሁት ነገር ደስ አይልም። ከቤንዚን መያዣው የወረደ ዝገት ከአሮጌው ሙጫ ጋር ተላቁጦ ሆዱን ሞልቶታል። ጂግለሯ፣ ቤንዚኑ የሚወጣባት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ ነሐስ፣ ድፍን ብላለች። ከሁሉ የባሰው ግን ላይና ታች እየተንሸራተተ አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ብረት ነበር፤ በሙጫው ተይዞ ከመሀል ቀርቷል። በእጄ ብጎትተው አልነቃነቅም አለ። በፒንሳ እንዳልይዘው ከተሰበረ ምትክ የሚገኘው አሥመራ ወይም አዲስ አበባ ነው። በቀረኝ ቤንዚን ነክሬ ተውሁት። እስኪመሽ አልተላቀቀም።

«እንግዲህ እደር» አሉ መሪጌታ።

እራት ሲቀርብ ባለቤታቸው እጅ ሊያስታጥቡኝ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ፈጣን፣ ዐይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ማንቆርቆሪያውን የያዙት በግራ እጃቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነው። በዚያ አገር የተከበረች የቤት እመቤት ለእንግዳ በግራ እጅ አትቀዳም። እሳቸውም ሐሳቤ ገብቷቸው ኖሮ፣

«በግራዬ ሆነብህ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ቀኜን እሾኽ ወጋኝ፤ ደርሶ ይተዋል» አሉ።

«ልየው እሜቴ?»

«ብላ አሁን። እንግዳ ተጠግኖ እንጂ ሲጠግን አይደርም።»

መሪጌታም ወደ እሳቸው አየት አደረጉ። ባለፈው ሳምንት ከአጥር ላይ የቀጋ ጭራሮ ሲነቅሉ ወግቷቸው፣ ለባላቸውም «ደህና ነኝ» እያሉ ሸፋፍነውት ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ያቀረበችው የጎረቤት ሴት ነበረች። እሜቴ አልተነሡም። ከመደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። አሁን ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ መሪጌታን «እጃቸውን ማየት አለብኝ» አልኋቸው። እጁ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ እስከ አንጓው አብጦ ቆዳው ያበራል። ከአንጓው ወደ ላይ አንድ ቀይ መሥመር ወደ ክርኑ ወጥቷል። ያንን መሥመር በትምህርት ቤት በቃል ብቻ ነበር የማውቀው፤ ሲያስተምሩን «ይህን ካያችሁ መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ለነገ አታሳድሩት» ብለውናል።

መሪጌታን ወደ ውጭ አውጥቼ ነገርኋቸው። «መከፈት አለበት፤ መርፌም ያስፈልጋል። እኔ ጋ ሁለቱም የለም። ዛሬውኑ ንፋስ መውጫ መድረስ አለባቸው።»

«በቅሎዋን ልጄ ወስዷታል» አሉ። «ሚስቱ እስቴ፣ ከእናቷ ቤት ወልዳ፣ ሊጠይቃት ሄዷል። ሰውም ሁሉ ገብስ አጨዳ ላይ ነው። ቢሆንም ልጥራ፤ ለቃሬዛ እንቢ የሚል የለም።»

እሜቴ ይህን ከውስጥ ሰምተውት ኖሯል። ስንገባ ቀና ብለው፣

«ቃሬዛ ላይ አልወጣም» አሉ። ድምፃቸው ከሕመምተኛ የወጣ አይመስልም። «ልጄን በቃሬዛ ነው የወሰዷት። ስትወጣ አየኋት፣ ስትመለስ አላየኋትም። ሞት ከሆነ እዚሁ መደቤ ላይ ያግኘኝ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ኋላ እንደነገሩኝ የመጀመሪያ ልጃቸው በወሊድ ተቸግራ ሰዎች ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ አልፋለች። እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺ ከደጅ የቆመችው አትሄድም?»

«ተበላሽታለች እሜቴ።»

«አብጃታ። ተቀምጬ እሄዳለሁ። ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው።»

ያን ጊዜ በውስጤ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ፍርሃት ነበር፤ ነገር ግን ከፍርሃቱ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ነበረበት። ከዚያ በፊት ማንም «አብጃት» ብሎ ነገሩን በእኔ ላይ ጥሎ አያውቅም።

ሽማግሌው መካኒክ የተጣበቀ ብረት ሲገጥማቸው ካርቡራቶሩን ውኃ ውስጥ ይቀቅሉት ነበር። ሙቀቱ ብረቱን ዘርጋ፣ ሙጫውን ለስለስ ያደርገዋል። «መሪጌታ፣ ውኃ ማፍላት አለብኝ» አልሁ። «ዕቃው ግን ቤንዚን ይሸታል፤ ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይሆንም። ያረጀ ድስት ካለ...»

«አዲሱን ስጡት» አሉ እሜቴ ከመደባቸው። «አሮጌው ያፈሳል።»

አዲሱ ድስት ገና መሟሸቱ ነበር፤ ወጥ አንድ ቀን አልተሠራበትም። ጎረቤቲቱ ትንሽ ቅር እያላት ጣደችልኝ። ውኃው ሲንተከተክ ካርቡራቶሩን በክር አንጠልጥዬ ከተትሁት። የቤንዚኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። መሪጌታ ከጎኔ ቁጢጥ ብለው በጭራቸው ጭሱን እያባረሩ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ መካከል ላይ ቆም ብለው «በሰለ?» ይሉኛል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አውጥቼ በጨርቅ ይዤ በወይራ ቁራጭ ቀስ አድርጌ መታሁት። ወይ ፍንክች። መልሼ ቀቀልሁት። ሁለተኛም እንቢ አለ። ላቤ ዐይኔ ውስጥ ገባ። ከመደቡ ላይ የእሜቴ ማቃሰት ይሰማል፤ እኔ እንዳልሰማቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እየያዙ ነበር።

«ሙጫ የሚያሟሟ ነገር ያስፈልገኛል» አልሁ ለራሴ ያህል። «አልኮል ቢኖር...»

«አረቄ ይሆናል?» አሉ መሪጌታ። «ለልጅ ልጃችን ክርስትና የተቀመጠ አለ።»

አመጡት። ገና ያልተከፈተ፣ አፉ በሰም የታሸገ ጠርሙስ ነው። ለመክፈት እጄ ሲያመነታ አይተው ሰሙን ራሳቸው ላጡት። ትኩሱን ካርቡራቶር በጣሳ ውስጥ አስቀምጬ አረቄውን አፈሰስሁበት። ሙጫው እየቀለጠ፣ አረቄው መጀመሪያ ብጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። እንደገና በወይራው መታሁት። ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ቀና አልሁ። መሪጌታ እየተመለከቱኝ ነው። ጸሎታቸውን አቁመዋል። አንድ ጊዜ ደግሜ ስመታው ብረቱ ተንሸራትቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ።

ጂግለሯ ቀረች። ቀዳዳዋ ከፀጉር አትሰፋም። ጎረቤቲቱ መርፌ ስታቀብለኝ «መርፌ አይሆንም» አልኋት፤ ሽማግሌው መካኒክ «ብረት በብረት ከፋቅህ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሄድም» ይሉ ነበርና። ዐይኔ የመሪጌታ ጭራ ላይ ወደቀ፤ የፈረስ ጭራ ነው።

«መሪጌታ፣ ከጭራዎ አንድ ፀጉር ቢሰጡኝ?»

«ነጩን ነው ጥቁሩን?»

«ወፍራሙን።»

በጥንቃቄ መርጠው አንድ ነቀሉልኝ። ፀጉሩን አረቄ እያስነካሁ ቀዳዳዋ ውስጥ አመላለስሁት፤ በአፌ ነፋሁት፤ እንደገና አመላለስሁት። ወደ ፀሐይ አቅንቼ ሳያት በመካከሏ ብርሃን ታየኝ። መሪጌታም አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው አዩና፣

«በዚች ነው ያ ሁሉ ጩኸት የሚወጣ?» አሉ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

የቤንዚን መያዣውን አጥቤ፣ የነበረውን ቤንዚን በነጠላ ቅዳጅ አጥልዬ፣ ሁሉን ወደ ቦታው መለስሁ። መጀመሪያ ስረግጣት ጸጥ አለች። ሁለተኛ ስረግጣት አስነጠሰች። ከዚያ ተነሣች። የግቢው ዶሮዎች አጥር ዘለሉ።

እሜቴን ደግፈን አወጣናቸው። አሁን ሌላ ችግር መጣ። የመሪጌታ ሚስት ናቸው፤ ጎረምሳ ከኋላው አቅፈው በአገር ፊት እንዴት ይሄዳሉ? ሳይዙኝ ደግሞ ይወድቃሉ። እሳቸውም እኔም ቆመን መሬት መሬቱን አየን። መሪጌታ ነገሩ ገባቸው። የራሳቸውን መቀነት ፈትተው ሚስታቸውን ከኋላዬ፣ ሁለቱን እግራቸውን ወደ አንድ ጎን አድርገው አስቀመጡና፣ መቀነቱን በእሳቸውና በእኔ ወገብ ዙሪያ አዙረው ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«ልጅሽ ነው ብለሽ ያዥው» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው «ቀስ በል» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ብዙም ቀስ አትበል» ብለው ጨመሩ።

ዳገቱን ስንጀምር ከኋላዬ፣

«ዐይኔን ልጨፍን ወይስ ልክፈት?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንደተመቸዎት እሜቴ።»

«እንግዲያ ልክፈተው። የምሄድበትን ልየው።»

አጫጆች ከማሳቸው ቀና እያሉ ማጭዳቸውን እንደያዙ ያዩናል። እሳቸውም በደኅና እጃቸው ሰላምታ ይሰጣሉ። ትኩሳታቸው በሸሚዜ አልፎ ጀርባዬን ይፈጀኛል። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ወደ ታች ሲያጎነብሱ በመቀነቱ ተሰማኝ። እንዳይወድቁ ፈርቼ ፍጥነቴን ቀነስሁ።

«ልጄን በዚህ ነው ያወረዷት» አሉ። «ከዚያ ድንጋይ አጠገብ አሳረፏት፤ ከዚያ አልተነሣችም።»

ላቆምላቸው ብዬ እጄን ከቤንዚን መስጫው ላይ ላላ አደረግሁ። ደኅና እጃቸው ወገቤን ጠበቅ አደረገኝ።

«አትቁም» አሉ።

አላቆምሁም። ሞተሯም አላቆመችም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያች መንገድ ሳስብ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኋቸውን፣ በሥራቸው አጠገብ መቆሜን የማይጠሉትን የጎንደሩን መካኒክም አመሰግናለሁ።

ንፋስ መውጫ ስንገባ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። እጁን የከፈቱት ኃላፊው ናቸው፤ በዚህ ነገር ልምድ ነበራቸው። ከመግሉ ጋር የቀጋው እሾኽ ስባሪ ወጣ። ፔኒሲሊን ጀመርንላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስጊ ነበሩ፤ ኃላፊው ክንዱን እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር። በኋላ ቀዩ መሥመር ወደ ታች መመለስ ጀመረ፤ ትኩሳቱም ለቀቀ። መሪጌታ በማግስቱ በእግራቸው ደርሰው ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ነበር። እሜቴ ዐይናቸውን ገልጠው ሲያዩዋቸው ያሉት፣

«ያቺን ድስት ሰው ወጥ እንዳይሠራባት ነግረዋል?» ነው።

መሪጌታ ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ሊሰውሩት አልሞከሩም።

እጃቸው ዳነ፤ የአውራ ጣታቸው አንጓ ብቻ እንደ ድሮው አልታጠፍ ብሎ ቀረ። «ለእንዝርት ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ለሌላው ይበቃኛል» ይሉ ነበር።

ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጠሩኝ። በዚያ ቀን፣ ካህናቱና ጎረቤቱ በተቀመጠበት፣ እሜቴ የማር ዋንጫ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ነገሩን አላወቅሁም ነበር፤ መሪጌታ «ተነሥ» ሲሉኝ ተነሣሁ። እሜቴ ያን የማይታጠፍ አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው አፌ ውስጥ አደረጉት።

«ከእንግዲህ ልጄ ነህ» አሉ። «ከሆዴ ባትወጣም የጡት ልጄ ነህ። የሰማ ይመስክር።»

የተቀመጠው ሁሉ «እንመሰክራለን» አለ። የወለደችኝ እናቴ ፊት በደንብ አይታወሰኝም። ያን ቀን ግን ማር ውጬ ቀና ስል ሁሉም ፊት የዘመድ ፊት ሆኖ ታየኝ። ቶሎ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አንድ ሰው ተከትሎኝ ሊወጣ ሲል መሪጌታ «ተወው፣ ይምጣ በራሱ ጊዜ» ሲሉ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲሁ ለወግ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ቤቴ የእነሱ ቤት ሆነ። ሳልመጣ ከቀረሁ ሰው ይላካል። እሜቴ «ከስተሃል» ይሉኛል፤ መሪጌታ ሥራዬን ይጠይቁኛል፤ ክሊኒክ የተኛች ሕመምተኛ ካለች ስሟን ይቀበሉኝና በጸሎት ያስቧታል። የእስቴው ልጃቸው «ወንድሜ» ይለኝ ነበር፤ ስሰንፍም እንደ ወንድም ይቆጣኝ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቼ ስማዳ ውስጥ አንዲት ልጅ ወደድሁ። አባቷ መሬት ያላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልላክ ስል ኃላፊው «አንተ መጤ ነህ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ዘርህን ነው። ምን ትላቸዋለህ?» አሉኝ። መሪጌታ ግን ይህን ከሰው ሰምተው፣ ሳልጠይቃቸው በቅሎዋን አስጭነው ከሁለት ካህናት ጋር ስማዳ ወረዱ። ጉልበታቸው ያን ጊዜ ያማቸው ነበር። የልጅቱ አባት «የማን ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁ መሪጌታ፣

«የኔ ነው» አሏቸው። «ዘሩን የምትቆጥሩ ከሆነ በኔ ቁጠሩት።»

ከካህናቱ አንዱ እንደነገረኝ ከዚያ በኋላ ስለ ዘር የተጠየቀ ሌላ ጥያቄ አልነበረም፤ ወዲያው ስለ ሠርጉ ቀን ተወራ። ይኸው እስከ ዛሬ አብረን ነን። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ እሜቴ ከእናቷ ጋር ሁለቱም ከራስጌዋ ነበሩ፤ ገንፎውን ማን ያገንፋ በሚለው ላይ ትንሽ ተቀያይመው እንደነበርም ሰምቻለሁ።

ሞተሯ ከዚያ በኋላ ብዙ አላገለገለችም። ፍሬኗ አለቀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ በመጨረሻ ወደ ዕቃ ቤቷ ተመለሰች። እኔም በቅሎ መልመድ ግድ ሆነብኝ፤ ያስተማረኝ የእስቴው ወንድሜ ነው።

መሪጌታ ያረፉት በአንድ የጾም ወቅት ነው፤ እሜቴ ተከተሏቸው፤ ብዙም አልቆዩ። በሁለቱም ቀብር ላይ ቀባሪው ሲሰለፍ የእስቴው ወንድሜ እጄን ይዞ ልጆች ከሚቆሙበት ቦታ፣ ከጎኑ አቆመኝ። ሰው እየመጣ እሱን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲል እኔንም ይለኝ ነበር፤ ከየት መጣህ ያለኝ አንድም ሰው የለም።